ዘይቱን መቼ ቀየርከው?

ዛሬ በተለይ በሞተር ሳይክል እንጀራውን የሚበላውን ወንድሜን ልጠይቅ። የሞተርህን ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ የቀየርከው መቼ ነው? «ድምፁ ሲለወጥ እቀይራለሁ» እንዳትለኝ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

አንድ ክረምት አንዲት የታመመች እናት ልጠይቅ ከቦንጋ ወደ ዴቻ ወጣሁ። የዘይቱ ጊዜ ማለፉን አውቃለሁ፤ «ስመለስ አስቀይረዋለሁ» አልኩ። ዳገቱ መሐል ሞተሩ ቀጥ አለ። መካኒኩ ሲፈታው ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ አገኘው። ጸሎት ስትጠብቅ የነበረችው እናት ሳታየኝ መሸ። ጥፋቱ የመንገዱ አልነበረም፤ የሰይጣንም አልነበረም። የእኔ ነበር።

ወገኖቼ፣ ዘይት የሚያረጀው ዝም ብሎ ነው። ሙቀት ያዳክመዋል፤ ከሚፋጩት ብረቶች የሚወጣውንም ብናኝ ይሸከማል። ድምፁ ሲለወጥ ብረቱ ተበልቷል። ስለዚህ በጆሮህ ሳይሆን በቁጥር ሂድ።

አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱ የሚቀየረው 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሞላ ነው። ከዚያ በኋላ አብሮት የመጣውን መመሪያ ተከተል። መመሪያው ከጠፋብህ፣ ሰው ጭኖ የካፋን ዳገትና ጭቃ ለሚወጣ ሞተር በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አያስቆጭም። ቆጣሪው ተበላሽቷል? በቀን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከሠራህ፣ በ25 ቀን 2,000 ሞላ ማለት ነው። የቀየርክበትን ቀን ጻፈው።

በሳምንት አንዴ ደግሞ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና መለኪያውን እይ። ከጎደለ ጨምር። ወንዝ ተሻግረህ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ውሃ ገብቶበታልና ሳትቀይር አታስነሳው። ካቴናውንም ከጭቃ በኋላ አጽድተህ ዘይት ቀባው።

ዲስክ ፍሬን ካለህ የፍሬኑን ዘይት በየ2 ዓመቱ አስቀይር። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል እርጥበቱ ይፈላና የረገጥከው ፍሬን ባዶ ይሆንብሃል።

«ፓስተር፣ ገንዘቡስ?» ትለኛለህ። እውነትህን ነው። ግን ከየቀኑ ገቢህ ላይ ጥቂት ብር ለዘይት ለይተህ አስቀምጥ። የተጣበቀ ሞተር ማሠራት ከ1 ሊትር ዘይት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቡና ለቀማ ሲደርስ ሥራው ይበዛል፤ ያኔ ሞተር ማቆም ይከብድሃል። ከዚያ በፊት አድርገው።

ወንድሜ፣ ከኋላህ የሚቀመጠው ሰው ቆጣሪህን አያይም። ምጥ የያዛት እናት፣ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ፣ አንተን አምነው ይወጣሉ። በወንጌል የምናውቃቸው አምስቱ ሰነፎች ልጃገረዶች ዘይት ፍለጋ የሄዱት ከመሸ በኋላ ነበር። አንተ ነገ ጠዋት፣ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት፣ ጎንበስ በልና መለኪያውን እይ። ተባረኩ።