ቃሪያው ለምን አልበቀለም?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በላክንላችሁ ሪፖርት ላይ «የችግኝ ክፍሉን የመብራት ወጪ ከግማሽ በላይ ቀንሰናል» የሚል መስመር ነበር። መስመሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከእሱ ቀጥሎ መጻፍ የነበረበትን አልጻፍንም፤ ዛሬ የምንናገረው ስለዚያ ነው።

እንደምታውቁት ሚኒሶታ ውስጥ ቃሪያ ሜዳ ላይ ተዘርቶ አይደርስም። ማርች አጋማሽ ላይ ውጭው ገና በረዶ ነው። ስለዚህ በቤዝመንታችን መደርደሪያ ላይ ቃሪያ፣ በሶብላና ጎመን አፍልተን ሜይ መጨረሻ ላይ ችግኙን እንሸጣለን። የሽያጩ ገንዘብ የሚገባው ለሕመምና ለለቅሶ ወዳስቀመጥነው ሣጥን ነው።

በአራት መደርደሪያ ላይ 16 ባለ 32 ዋት ፍሎረሰንት ነበረን። በቀን 16 ሰዓት፣ ለ70 ቀን ሲበሩ 573 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። ባለ 15 ዋት ኤልኢዲ ስንተካባቸው ወደ 269 ወረደ። ልዩነቱ በምንከፍለው 16 ሳንቲም ሲባዛ 49 ዶላር ገደማ ይሆናል። አምፖሎቹን በ144 ዶላር ስለገዛን በሦስት ዓመት ዋጋቸውን ይመልሳሉ ብለን አሰላን። ፍሎረሰንት ውስጥ ሜርኩሪ ስላለም የግዛታችን ሕግ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ረጃጅሞቹ አምፖሎች እንዳይሸጡ ከልክሏል፤ ዛሬ ባንቀይር ነገ መቀየራችን አይቀርም ነበር።

የአንዲት አባላችን ባለቤት ኤሌክትሪሺያን ስለሆኑ ባላስቱን አውጥተው መስመሩን በቀጥታ አገናኙልን፤ ማንም ተሳስቶ ፍሎረሰንት እንዳይመልስበትም ማስጠንቀቂያ ለጠፉበት። ሀምራዊ መብራት ግዙ ያሉንም ነበሩ። በሀምራዊ ብርሃን ግን ቅጠል ላይ ያለ ክሽክሽ በደንብ ስለማይታይ ነጩን መረጥን። በዚህ አልተጸጸትንም።

ጎመኑ በሳምንቱ ብቅ አለ። ቃሪያው ግን በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ሳምንት ዝም አለ። በዘሩ አሳበብን። ዘሩን ከጓሯቸው እየለቀሙ በየዓመቱ የሚሰጡን እናታችን ናቸው፤ «ዘሩ አርጅቶ ይሆናል» ስንላቸው ምንም አልመለሱም። ወደ መደርደሪያው ሄደው እጃቸውን ከሳህኑ ሥር አስገቡና «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ በረዶ ነው። የድሮው መብራት ያሞቀው ነበር» አሉ።

ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ፍሎረሰንቱና ባላስቱ የሚያባክኑት ኃይል ሙቀት ሆኖ ከላያቸው ያለውን ሳህን ከሥሩ ያሞቅ ነበር። የቃሪያ ዘር አፈሩ ወደ 27 ዲግሪ ሲደርስለት ቶሎ ይበቅላል፤ ቤዝመንታችን ግን 16 ነው። ጎመን ቅዝቃዜን ስለሚችል በቀለ። ብክነት ብለን የቆረጥነው ሙቀት ለካ ሥራ ነበረው! እናታችንንም ይቅርታ ጠይቀናል።

በዚህ ምክንያት 96 የቃሪያ ችግኝ አጣን። አንዱን በ3 ዶላር ስለምንሸጥ 288 ዶላር ማለት ነው፤ ከመብራት የምናተርፈውን ወደ ስድስት ዓመት የሚጠጋ ቁጠባ በአንድ ወቅት በላው። ሪፖርቱን ስናዘጋጅ ይህንን እናውቅ ነበር። የመብራት ቢል በሒሳብ መዝገብ ላይ የራሱ መስመር አለው፤ ያልበቀለ ችግኝ ግን መስመር ስለሌለው አለፍነው። ለጋሾቻችን፣ ይህ ያኔ ሊነገራችሁ ይገባ ነበር።

ዘንድሮ አራት የማሞቂያ ምንጣፍ በ100 ዶላር ገዛን። እያንዳንዱ 20 ዋት ነው፤ ዘሩ እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሚሰካ የሚጨምረው ወጪ 4 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነው። ስለዚህ ኤልኢዲው ወጪውን የሚመልሰው በሦስት ዓመት ሳይሆን ከአምስት ዓመት በላይ ፈጅቶ ነው። አሁንም መቀየራችንን እንደግፋለን፤ ቁጥሩ ግን ይሄኛው ነው።

በእጃችሁ ባለው ሠንጠረዥ ላይ «ያልበቀለ ችግኝ» የሚል አዲስ መስመር ታያላችሁ። ያለፈው ዓመት 96 ተጽፎበታል። የዘንድሮው ትናንት ማታ ሳህኖቹን ቆጥረን የሞላነው ነው፤ 7።