«ይሰማል» ሲጠብቅና ሲላላ፦ ከቤት የሚቀዳ ትረካና የስልክ መስመሩ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ተራኪው ከቤቱ ሆኖ ሲያነብ፣ አዘጋጁም በሌላ ቤት ተቀምጦ በስልክ ሲያዳምጥና ሲያርም፣ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር እንዴት መዘጋጀት አለበት? ጥያቄው ይኸው ነው። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ውስጥ የቋንቋችንን አንድ ትልቅ ጠባይ፣ እንዲሁም በአዘጋጅና በባለሙያ መካከል ሊኖር የሚገባውን መተማመን አገኘሁበት። ያገኘሁትም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው።

አስቀድሜ ነገሩ ስለ ተፈጸመበት ሰፈር ጥቂት ልበል። አራዳና ፒያሳ ለድምፅ ሙያ እንግዳ አይደሉም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ተዋንያንንና ድምፃውያንን ትውልድ በትውልድ ያፈራው በዚሁ አካባቢ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሁሉ፣ አንድ ሰው በድምፁ ብቻ ስንት ሰው ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን ደግሞ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ ሲያቀርብ፣ ለብዙ ወጣቶች የድምፅ ትወና መተዳደሪያ ሆነ።

ስልክም ቢሆን የትናንት እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ከዚያ ወዲህ የስልክ ድምፅ የራሱን ትርጉም ይዞ በጆሯችን ኖሯል። የዶይቼ ቬለን የአማርኛ ዜና ስናዳምጥ የዘጋቢው ድምፅ በስልክ ቀጥኖና ተሻክሮ ቢመጣ ቅር አይለንም፤ እንዲያውም ሰውየው በቦታው ስለ መኖሩ ማስረጃ አድርገን እንቀበለዋለን። ትረካ ግን እንዲህ ያለውን ምሕረት አያውቅም። የታሪኩ ሰው ከጆሯችን አጠገብ እንዲቀመጥ እንሻለንና፣ የስልክ ድምፅ በመካከል ሲገባ አስማቱ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ፣ አንድ የትረካ ሥራ በእጄ ነበር። ተራኪዋ በዕድሜ የገፉ፣ በመድረክና በማይክሮፎን ፊት ብዙ ዘመን ያሳለፉ ሴት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ጠይቀውኛልና «እትዬ» እያልሁ እቀጥላለሁ። መኖሪያቸው ዶሮ ማነቂያ በሚገኝ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ዕድሜያቸውን ሳስበው ወደ ስቱዲዮ መጥራቱን ፈራሁ፤ ስለዚህ ከቤታቸው እንዲያነቡ ተስማማን። የልጅ ልጃቸው ከቁም ሣጥኑ በሮች ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅሎ በመካከሉ ወንበር አኖረላቸው። በአንድ ስልክ እንዲቀዱ፣ በሌላው ደግሞ በኢንተርኔት ጥሪ ከእኔ ጋር እንዲገናኙ አደረግን።

በጽሑፉ ውስጥ «ሕፃኑ ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። እንደምታውቁት «ይሰማል» ሲላላ ሕፃኑ የሌሎችን ንግግር ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን የሕፃኑ ድምፅ ለሌሎች ይደርሳል። ደራሲው የፈለገው ሁለተኛውን ነው። የምዕራፉም ነገር በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ ሕፃኑ ስለ ተሰማ ነው የተሸሸጉት ሰዎች የተገኙት። እትዬ አነበቡ፤ ለእኔ ላልቶ ተሰማኝ። «እባክዎ እትዬ፣ ይጥበቅልኝ» አልሁ። ደገሙት፤ አሁንም ላላብኝ። አምስት ጊዜ አስደገምኋቸው። ከአምስተኛው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ አጥብቄዋለሁ፤ ያላላው መስመርህ ነው» አሉኝ።

በልቤ አላመንኋቸውም። እርጅና የጆሮን ሚዛን ያዛባል ብዬ አሰብሁ፤ ይህን ዛሬ በእናንተ ፊት ስናገር አፍራለሁ። ማታ ቅጂው ሲደርሰኝ የመጀመሪያው ንባብ ያለ አንዳች እንከን ጠብቆ አገኘሁት። አምስተኛው ግን ተበላሽቶ ነበር፤ የጠየቅኋቸውን ለመሙላት ሲሉ ቃሉን ከልክ በላይ ጨቁነውት፣ ከታሪኩ ተነጥሎ ለብቻው የቆመ ድንጋይ መስሏል። በማግስቱ ደውዬ «ትክክል ነበሩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። «አውቃለሁ» አሉና ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አለፍን።

መስመሩ እንዴት አላላው? አማርኛ በሚጠብቅና በሚላላ ድምፅ መካከል የሚለየው በዋናነት በርዝመት ነው። በጠበቀው «ይሰማል» ውስጥ «ሰ»ም «ማ»ም ረዘም ይላሉ፤ ልዩነቱ የሚለካው ግን ከሰከንድ ዐሥረኛ እጅ በማይርቅ ጊዜ ነው። የኢንተርኔት ጥሪ ደግሞ ድምፁን በትንንሽ እሽጎች ቆራርጦ ይልካል። እሽጎቹ እኩል አይደርሱም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ሌላው ከነጭራሹ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ጉድለቱን ለመሸፈን ድምፁን አንዴ ይስበዋል፣ አንዴ ያሳጥረዋል። በዚያ ላይ ጩኸት ለመቀነስ የተሠራው ማጣሪያ፣ ረዘም ያለውን የ«ሰ» ፉጨት የነፋስ ሽውታ መስሎት ሊሸርፈው ይችላል። ለብዙ ጥሪ ይህ ጉዳት አይደለም፤ «ነገ ስንት ሰዓት እንገናኝ?» ለሚል ሰው ምንም አይጎድለውም። በርዝመት ትርጉም ለሚለይ ቋንቋ ተራኪ ግን መስመሩ ቃሉን ለውጦበታል።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ሳይታሰብ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ሥራው ሊቆም ሲል፣ በእትዬ ቤት ግድግዳ ላይ የቆየውን የመስመር ስልክ አስታወስን። ገመዱ ወደ ጓዳው እንዲደርስ ተቀጠለና በእርሱ ሠራን። የመስመር ስልክ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ እንዲያሳልፍ የታሰበ ነው። የ«ሰ» ፉጨት ትልቁ ኃይል ከዚያ በላይ ስለሚውል፣ በስልክ «ሰ» እና «ፈ» ሲቀራረቡብን እናስተውላለን። ስለዚህ የእትዬ ድምፅ ከኢንተርኔቱ ጥሪ ይልቅ ቀጥኖና ደርቆ መጣ። የሚደንቀው ግን የጠበቀው ጠብቆ፣ የላላው ላልቶ መድረሱ ነው! የመዳብ ሽቦው ድምፁን ያጠብበዋል እንጂ ጊዜውን አይሸራርፈውም። አምሮ የሚሰማው መስመር ሁሉ ታማኝ እንዳልሆነ፣ ቀጥኖ የሚሰማውም ሁሉ ሐሰተኛ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የመስመር ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያው በሽቦው በኩል ስለሚያገኝ መብራት ሲጠፋም ንግግራችን አልተቋረጠም። ቅጂውን ደግሞ የልጅ ልጃቸው በፍላሽ ይዞ በእግሩ ያመጣልኝ ነበር።

ሦስተኛው በ2016 ዓ.ም. ሆነ። በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እትዬ ከከተማዋ ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። የመስመር ስልኩ ከአሮጌው ቤት ጋር ቀረ። አዲሱ ቤት ንጹሕና ብርሃናማ ነው፤ ለድምፅ ግን ክፉ ነበር። የጭቃው ግድግዳ፣ ሣጥኑና በየጥጉ የተከመረው ዕቃ ለካ ድምፁን ይውጥልን ኖሯል። ባዶው የሲሚንቶ ክፍል ቃሉን ሁሉ መልሶ ይወረውረው ጀመር። «እዚያ ቤቱ ያዳምጠኝ ነበር፤ ይኼኛው ይመልስልኛል» አሉኝ እትዬ። ፍራሽ ከጀርባቸው አቆምን፣ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈንን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ለመገናኛም የኢንተርኔቱን ሳይሆን ተራውን የሞባይል ጥሪ መረጥን።

ከእነዚህ ሦስት ጊዜያት የወጣውን አሠራር ለተማሪዎቼ በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ መስመሩና መቅጃው ይለያዩ። ስልኩ ለመነጋገሪያ ብቻ ነው፤ የሚታተመው ድምፅ የሚቀዳው በተራኪው ፊት ባለው መሣሪያ ነው። መቅጃው ስልክ ከሆነ ጥሪ እንዳያቋርጠው ከኔትወርክ ውጭ ይደረግ። የሚደወልበት ስልክ ደግሞ ከማይክሮፎኑና ከገመዱ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አለዚያ በድምፅ ማጉያ አጠገብ ስልክ ሲጠራ የምንሰማው ድርድርታ ቅጂው ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ተራኪው የአዘጋጁን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ፤ በድምፅ ማጉያ ከሆነ የእኔ እርማት በእርሳቸው ትረካ ውስጥ ይቀዳል። አንዱ ጆሮ ነጻ ቢሆን ይሻላል፤ ተራኪ የራሱን ድምፅ በክፍሉ አየር ውስጥ መስማት አለበትና።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሲጀመር ተራኪው አንድ ጊዜ ያጨብጭብ። አዘጋጁም በበኩሉ ከስልኩ የሚሰማውን ለመጠባበቂያ ይቅዳ፤ ጭብጨባው ሁለቱን ቅጂዎች ለማስተካከል መነሻ ይሆናል።

አራተኛ፣ መዘግየትን በሥርዐት እንግዛው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም ንግግር አንድ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመረጣል ይላል። ከዚያ ሲያልፍ ሁለት ሰዎች እኩል ይናገራሉ፣ እኩልም ዝም ይላሉ። እኔና እትዬ አንቀጹ ሲያልቅ «ጨረስሁ» እንዲሉ፣ እኔም ያን ሳልሰማ እንዳልናገር ተስማምተናል።

አምስተኛ፣ ፋይሉ ሳይጨመቅ ይላክ። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት የተቀዳ የአንድ ሰው ድምፅ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት፣ በሰዓት ወደ 520 ሜጋባይት ይይዛል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል መሆን አለበት፤ የድምፅ መልእክቱ ሲጨመቅ የደከምንበት ጥራት ይጠፋል። ኔትወርኩ ካልቻለ ፍላሽ ዛሬም አያሳፍርም።

ስድስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ንባቡ ከመጀመሩ በፊት አዘጋጅና ተራኪ ጽሑፉን አብረው ይዩትና አሻሚ በሆነው ቃል ላይ የሚጠብቀውን ፊደል በነጥብ ያመልክቱ። ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም፤ «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ»፣ «ይመታል» ሁሉ ለአንባቢው ብያኔ የተተዉ ናቸው። የእትዬ ጽሑፍ ዛሬ በእርሳስ ነጥብ የተሞላ ነው። እኔም በስልክ ጥርጣሬ ሲገባኝ «ይደገም» አልልም፤ በወረቀቴ ጠርዝ ምልክት አድርጌ ፋይሉን እጠብቃለሁ። በስልክ የማርመው ፍጥነትን፣ ስሜትን፣ የተዘለለ ቃልን ነው። ተነባቢው ጠበቀ ወይስ ላላ ለሚለው ዳኛው ቅጂው ነው፤ ቅጂው እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ዳኛዋ ተራኪዋ ናቸው።

አንዳንድ ተማሪዎቼ «ኔትወርኩ እየፈጠነ ሲሄድ ይህ ሁሉ ጭንቀት ያልፍ የለም ወይ?» ይሉኛል። ከፊሉ ያልፋል። አዳዲሶቹ የጥሪ ዘዴዎች እስከ 7,000 ኸርዝና ከዚያም በላይ ስለሚያሳልፉ «ሰ» እና «ፈ» ይለያያሉ። እሽጎች መዘግየታቸውና ማጣሪያዎች መሸራረፋቸው ግን ገና ይቀጥላል። እነዚህን መሣሪያዎች የሚሠሩ ሰዎች በአማርኛ ካልሞከሯቸው እንከኑን ላያዩት ይችላሉ። ማየትና መናገር የእኛ ድርሻ ነው። ከመካከላችሁ የምህንድስና ወይም የሥነ ልሳን ተማሪ ካለ፣ ጠባቂና ላይ ቃላትን በልዩ ልዩ መስመሮች አሳልፎ የሚደርሰውን ርዝመት መለካት ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይሆነዋል።

እኔ በዚያ ቀን ያጠፋሁት የመሣሪያ ጥፋት ብቻ አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ቃል ሲመዝኑ ከኖሩ ባለሙያ ቃልና ከአንድ የኢንተርኔት ጥሪ መካከል መምረጥ ሲገባኝ ጥሪውን አመንሁ። እንዲህ ያለው አለመተማመን በአካል ስንገናኝ በዓይንና በፈገግታ ይታረማል፤ በስልክ ግን የሚያርመው የለም። አምስት ጊዜ ያስደገምሁት ቃል ያደከማቸው ከድምፃቸው ይልቅ ልባቸውን ነው። ከሩቅ ስናሠራ የመጀመሪያው ዝግጅት ከመስመሩ አስቀድሞ ይህ ነው፤ መስመሩ ምን እንደማይነግረን ማወቅ፣ በዚያም ነገር ላይ ማዶ ያለውን ሰው ማመን።

እትዬ አሁንም ይተርካሉ። ማዳመጫውን እንዳጠለቁ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይሰማል?» ይላሉ፣ አጥብቀው። እኔም «ይሰማል» ብዬ እመልስና ጭብጨባቸውን እጠብቃለሁ።