የተሳቢ ክብደትና የመኪና የመሳብ ችሎታ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በቢስቲማ መንገዶች

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በወሎ የጭነት መኪና ታሪክ ከመንገዱ ታሪክ አይነጠልም። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ፣ የደሴና የአስመራ አውራ ጎዳና፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ከተሠሩ ወዲህ፣ ኮምቦልቻ የወደብ ጭነት መገናኛ ሆናለች። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከአሰብ የተጫነ የእርዳታ እህል ወደ ወሎ የገባው በዚሁ መንገድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጭነቱ ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ በኩል ይመጣል። የተለወጠው ወደቡ ነው እንጂ ዳገቱ አይደለም። ሚሌ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ መኪና ምን ያህል የሚከብድ ተሳቢ መጎተት ይችላል? የተለመደው መልስ «ሞተሩ የቻለውን ያህል» የሚል ነው። ይህ መልስ ግን ከእውነቱ ሩቡን ብቻ ይናገራል። የመሳብ ችሎታን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የሞተሩ ጉልበት፣ ጎማው መሬቱን የመጨበጥ ኃይሉ፣ የአክሰሉና የመያያዣው ጥንካሬ፣ በመጨረሻም ፍሬኑ ናቸው። ትክክለኛው ልክ ከአራቱ ዝቅተኛው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ክብደቱ ራሱ በትክክል መታወቅ አለበት። በአገራችን ጭነት የሚቆጠረው በኩንታል ነው። ይሁን እንጂ ኩንታል የሚናገረው ስለ ዕቃው ብቻ ነው፤ የብረቱን ክብደት አይናገርም። ለምሳሌ 250 ኩንታል ወይም 25 ቶን ማዳበሪያ የጫነ፣ መኪናውና ተሳቢው ባዶአቸውን 15 ቶን የሚመዝኑ ቢሆን፣ በዳገቱ ላይ የሚወጣው 25 ሳይሆን 40 ቶን ነው። ይህ ክብደት በመኪናውና በተሳቢው ላይ እኩል ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 20 ቶን ደረሰው እንበል።

መቶ ሜትር ሲሄድ ሰባት ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ እነዚህን 40 ቶን ለማስኬድ፣ የጎማው መንከባለል የሚጠይቀው ተጨምሮ፣ 3,200 ኪሎ ግራም ያህል የመሳብ ኃይል ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ ይህ ኃይል ጎማው ላይ 237 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። በደሴ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚሰጠው 235 ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያውም ላይ ካምቢዮና ዲፈረንሻል የሚወስዱት አለ። ስለዚህ ሾፌሩ ማርሽ እየቀነሰ፣ ሞተሩም እየጋለ በዝግታ ይወጣል። ይህ ጊዜን ያባክናል እንጂ ገና አይገድልም።

ሁለተኛው ልክ የጎማው ጭብጥ ነው። ጭነቱ በደሴና በሐይቅ አድርጎ ወደ ቢስቲማ፣ ወደ ወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ፣ የሚሄድ ከሆነ ይህ ነጥብ በተለይ ይታሰብበት። መኪናውን በሚገፋው አክሰል ላይ 10 ቶን ቢያርፍ፣ እርጥብና ልቅ በሆነ ጠጠር ላይ ጎማው ሳይንሸራተት ሊስብ የሚችለው ከዚህ ሦስት አሥረኛውን፣ ማለትም 3,000 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከላይ የተባለው ዳገት ደግሞ 3,200 ይጠይቃል። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ያው መኪና ተሳቢውን ፈትቶ ቢወጣ ግን 1,600 ብቻ ይበቃዋል።

ሦስተኛውን ባጭሩ ለመጥቀስ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ በኢሊኖይ በተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና እንደታየው፣ የአክሰል ክብደት በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚያድገው በአራተኛው የብዜት ደረጃ ገደማ ነው። ከ10 ወደ 12 ቶን የተጨመረ አክሰል መንገዱን በእጥፍ ይጎዳል ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ አራተኛው ነው። የወጣ ሁሉ ይወርዳል፤ በቁልቁለት ደግሞ ተሳቢው የሚጎተት ሳይሆን የሚገፋ ይሆናል። ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የ650 ሜትር ያህል ከፍታ ይለቀቃል። ለ40 ቶን ሲሰላ፣ የጎማው መንከባለል የሚበላው ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ሙቀት 500 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማለትም ሁለት በርሜል ተኩል፣ ሊያፈላ ይችላል። ይህን ሙቀት የሞተሩ ፍሬን ካልተሸከመው የሚሸከሙት የፍሬን ሸራውና ከበሮው ናቸው። ከበሮው ሲግል ይሰፋል፤ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው አይታዘዝም። የተሳቢው ፍሬን ያልተስተካከለ ከሆነ ደግሞ የሁለቱ ሸክም በመኪናው ላይ ይወድቃል፤ በመታጠፊያ ላይም ተሳቢው የመኪናውን ኋላ ገፍቶ ያጥፈዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድማ የቀረውን አንድ መከላከያ በገዛ እጅ መጣል ነው።

ስለሆነም ለአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች የሚስማማው ደንብ ይህ ነው፤ የተሳቢው ክብደት የሚወሰነው መኪናው በሚወጣው ሳይሆን ሳይጨነቅ ሊያወርደው በሚችለው ልክ ነው። በሥራ ላይ ሲተረጎምም፦ አንደኛ፣ የጭነት ደብዳቤ ከኩንታሉ ጋር የብረቱን ክብደት ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ተሳቢው ከመኪናው እንዳይከብድ ጭነቱ ይደልደል። ሦስተኛ፣ የተሳቢው ፍሬን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ለብቻው ይፈተን፤ መውረጃው ማርሽም ዳገቱ ላይ ሳይሆን ከመውረድ በፊት ይመረጥ። አራተኛ፣ ወደ ቢስቲማና ወደ መሰል ከተሞች የሚሄድ ጭነት ከሆነ ተሳቢው ከታች ተፈትቶ ዕቃው በሁለት ወይም በሦስት ጉዞ ይድረስ።

የመኪና ባለቤቶች ይህ ወጪ ያበዛል ይላሉ፤ እውነትም ያበዛል። ነገር ግን ክብደቱን የሚወስነው ነጋዴውና ባለቤቱ ሲሆን፣ በሐረጎ መታጠፊያ ላይ ዋጋውን የሚከፍሉት ሾፌሩና ረዳቱ፣ እንዲሁም ከታች በመንገድ ዳር የሚሄደው ገበያተኛ ናቸው። ቁጥሩን አስቀድሞ ማስላትና መኪናው ከመነሣቱ በፊት ለባለቤቱ መንገር የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው።