ክንፍ ያለው የጨርቅ ፈረስ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

የዛሬው ርእሳችን ከአንዲት እናት በደረሰን ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነው። እኚህ እህታችን የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ከመድረሳ ሲመለስ ሽቦ፣ ቆርኪና የተበጠሰ ነጠላ ጫማ እየለቀመ መኪና ሲሠራ ይውላል። አባቱ ደግሞ «ይህ ልጅ ቆሻሻ ለቃሚ ሆኖ ሊቀር ነው» እያሉ የሠራውን ይጥሉበታል። እናትየው በበኩላቸው አያታቸው ይነግሯቸው የነበረውን ተረት ማታ ማታ ለልጆቻቸው ይነግራሉ። አንድ ዘመድ ግን «ጦጣ ተናገረች፣ ጅብ መለሰ ማለት ውሸት ነው፤ ልጆችሽን ውሸት አታስተምሪ» አሏቸው። «ሁለቱንም ልተው ወይ?» ሲሉ ነው የጠየቁን።

ደብዳቤው ከደረሰን ሁለት ወር ሆኖታል። መልሱን ያዘገየነው ጥያቄው ከብዶን ሳይሆን እኛኑ ስለነካን ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ሐዲስ እናስታውስ።

አቡ ዳውድ በሱነናቸው እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻ ተመልሰው ወደ ቤታቸው ገቡ። ዘመቻው የተቡክ ይሁን የኸይበር ዘጋቢው ተጠራጥሯል፤ ኸይበር በ7ኛው፣ ተቡክ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። በዓኢሻ (ረ.ዐ) ክፍል በዕቃ ማስቀመጫው ላይ መጋረጃ ተጋርዶ ነበር። ነፋስ መጣና የመጋረጃውን ጫፍ ገለጠው፤ ከኋላው የዓኢሻ አሻንጉሊቶች ታዩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ምን እንደሆነ ጠየቋት። ልጆቿ መሆናቸውን ነገረቻቸው። በመካከላቸው ቆሞ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ ደግመው ጠየቋት፤ ፈረስ መሆኑን ነገረቻቸው። በላዩ ያለውስ ምንድን ነው ቢሏት ክንፎቹ ናቸው አለች፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠሩ ሁለት ክንፎች ነበሩ። ፈረስ ደግሞ ክንፍ አለው እንዴ ብለው ጠየቋት። እሷም የሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ስትል መለሰችላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመንጋጋ ጥርሶቻቸው እስኪታዩ ድረስ ሳቁ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እኚህ ሰው ከዘመቻ የመጡ ናቸው። ረጅም የበረሃ መንገድ ተጉዘዋል። የአንድ ሠራዊት ብቻ ሳይሆን የአንድ ኡመት ኃላፊነት በጫንቃቸው ላይ ነው። እንዲህም ሆኖ ስለ አሻንጉሊቶቹና ስለ አንድ የጨርቅ ፈረስ አራት ጊዜ ጠየቁ። ከመጀመሪያው መልስ በኋላ «ደህና» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ አላለፉም። የሱለይማን ፈረሶች በሱረቱ ሷድ ተወስተዋል፤ ክንፍ ግን በአንቀጹ ላይ አልተነገረም፤ ዓኢሻ ከሰው አፍ የሰማችው ነው። በሐዲሱ ላይ እርማት አናይም፤ የምናየው ሳቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያ ፈረስ ከየት መጣ? ከገበያ የተገዛ አይመስልም። አንዲት ልጅ ታሪክ ሰማች፤ የሰማችው በውስጧ ሲመላለስ ቆየ፤ ከዚያ እጇ ጨርቅ አነሳና ክንፍ አደረገለት። እህታችን ተረቱንና የልጁን መኪና እንደ ሁለት ጥያቄ አድርገው ነው የላኩልን። እኛ ግን አንድ ሆኖ ነው የታየን።

አሁን ለምን እንደነካን እንንገራችሁ። ይህን ሐዲስ የማናውቀው ሆነን አይደለም። በመድረሳ ቀርተነዋል፤ በኮሌጅም ለፈተና አጥንተነዋል። ግን የቀራነው ምስልን በሚመለከተው ርእስ ሥር ነበር፤ የተጠየቅነውም ብይኑን ብቻ ነበር። ከመንገድ የደረሰ አባወራ ቤቱ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ ሐዲስ አድርገን አንብበነው አናውቅም ነበር።

ከዓመት በፊት አንድ ማታ ከዒሻ ሰላት ስንመለስ፣ ያኔ ሰባት ዓመቷ የነበረችው ልጃችን ከእናቷ አሮጌ ልብስ የሠራቻትን አሻንጉሊት ታቅፋ ተቀምጣ አገኘናት። ዓይኗን በከሰል ስላዋለች፤ በራሷም ላይ ሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራላታለች። ደክሞን ነበር፤ ከስብሰባም ተናደን ነበር የወጣነው። አንድ ቃል ሳንጠይቅ «ሐራም ነው» ብለን ነጠቅናትና ምድጃ ውስጥ ጨመርነው። ልጅቷ አላለቀሰችም። «አባ፣ እሷ እኮ አሟት ነበር» ብቻ አለችን። ሻሹ ለካ ለራስ ምታት የታሠረ ነው።

ከዚያ በኋላ በእጇ ምንም ስትሠራ አላየንም። ስልክ ስጡኝ ማለት ጀመረች። ሰጠናት፤ ዝም አለች። ዝምታዋም አደብ መሰለን።

ብይኑን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን ሐዲስና ቡኻሪና ሙስሊም ስለ ዓኢሻ አሻንጉሊቶች የዘገቡትን መሠረት አድርገው የልጆች መጫወቻን ከምስል ክልከላ ለይተውታል። ፈቃዱ በኋላ ተሽሯል ያሉም አሉ። በዚህኛው አቋም የሚሄድ አባት ልጁን «ፊቱን ተዪው» ሊላት ይችላል፤ መብቱ ነው። ምድጃው ግን በየትኛውም አቋም ውስጥ የለም። እኛ የሄድነው በመዝሀብ ሳይሆን በንዴት ነበር።

እኛ ራሳችን እንዲህ አልነበረም ያደግነው። ያደግነው ወሎ፣ ገጠር ነው። አያታችን ተረት የሚነግሩን ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እንዝርቱ ይሽከረከራል፣ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ እንዝርቱ ቀጥ ይላል፤ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ክሩን ጠምጥመው ሲጨርሱ ነው ጦጣዋ የምታመልጠው። በነጋታው ከብት ስንጠብቅ ያንኑ ጅብ ከጭቃ እንሠራዋለን፤ ከማሽላ አገዳ ደግሞ ለጦጣዋ ቤት፣ ለራሳችንም መነጽር። በእንቆቅልሽ የተሸነፈ አገር ይሰጣል፤ ደሴን፣ ሐረርን፣ ጅማን ሰጥተን ባዶ እንቀራለን፤ መካንና መዲናን ግን ማንም አይሰጥም ነበር።

በቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው። የሉሓችንን ቀለም ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቀን ራሳችን እንበጠብጥ ነበር፤ ብዕሩንም ከመቃ እንቀርጽ ነበር። ሸሃችን የኑሕን (ዐ.ሰ) ታሪክ የነገሩን ዕለት ከአገዳ መርከብ ሠርተን ጎርፍ ላይ ለቀቅናት፤ ወዲያው ተገለበጠች። እያፈርን ብንነግራቸው «እንስሳቱን በየት በኩል ነበር ያስቀመጣችኋቸው?» አሉን። ለካ ሁሉንም በአንድ ወገን ነበር የጫንነው። ድሮ ሁሉ ደግ ነበር ለማለት አይደለም፤ ከእኚያው ሸህ ዱላም ቀምሰናል። ያቺን ጥያቄያቸውን ግን ዛሬም አንረሳትም።

ወደ ዘመዳቸው ቃል እንምጣ። ተረት ውሸት ነው ወይ? ውሸት ሰሚውን ለማታለል የሚነገር ነው። ጦጣና ጅብ ሲነጋገሩ ግን ተናጋሪዋም ሰሚውም ምሳሌ መሆኑን ያውቃሉ፤ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ የሚገባበትን በር ያውቀዋል። ኢብኑል ሙቀፈዕ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፋርስኛ ወደ ዐረብኛ የመለሰው «ከሊላ ወዲምና» አንበሳና በሬ የሚነጋገሩበት መጽሐፍ ነው፤ ሙስሊሞች ለዘመናት አንብበውታል። የነቢያት ታሪክ ግን የተለየ ነው፤ እዚያ ላይ ከራሳችን ጨምረን ማሳመር የለብንም። «ይህ ተረት ነው፣ ይህ ቂሷ ነው» ብሎ መለየት ከእናት ይጠበቃል። ልጆች ይህን ልዩነት ከምንገምተው በላይ ቶሎ ይይዙታል።

ልጅ ላይ የሚነገር ውሸት የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ ሌላ ሐዲስ አለ። አንዲት እናት ልጇን ና ልስጥህ ብላ ጠራችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንደፈለገች ጠየቋት፤ ቴምር መሆኑን ነገረቻቸው። ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። ይህንንም አቡ ዳውድ ዘግበውታል። «ዝም በል፣ ነገ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» የምንል አባቶች እንግዲህ ጦጣዋን ከመክሰሳችን በፊት እናስብበት።

አሁን ደግሞ ለአባትየው። ወንድማችን፣ ስጋትዎ ይገባናል። ልጁ ሰላቱንና ትምህርቱን ትቶ ሽቦ ሲያጣምም ከዋለ ገደብ ያስፈልጋል፤ ሰዓት ይቁረጡለት። ግን አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። የሽቦ መኪና ቀላል አይደለም። የፊቱና የኋላው ሽቦ እኩል ካልተለካ ያዘነብላል። ከነጠላ ጫማው የተቆረጠው ጎማ ቀዳዳው መሐል ላይ ካልሆነ ይነክሳል። መሪው ረጅም ሽቦ ሆኖ እስከ ልጁ ደረት መድረስ አለበት፤ አለዚያ ጎንበስ ብሎ መንዳት ይሆናል። ያ ልጅ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ አራተኛ ይሠራል፤ ሦስቱን ጊዜ የሚቆጣው የለም። በደብተሩ ላይ እንዲህ ስንት ጊዜ ይታገሣል? እኛ መድረክ ላይ ስንወጣ አል-ጀዘሪን እናነሳለን፤ በ1206 እ.ኤ.አ ስለጨረሱት መጽሐፍ፣ በዝሆን ቅርጽ ስለሠሩት ሰዓት እናወራለን፣ እንኮራለን። ቤታችን ስንገባ ደግሞ የልጃችንን መኪና ከቆሻሻ ጋር እንጥላለን።

የእጅ ሥራ በነቢያትም ዘንድ ያልነበረ ነገር አይደለም። ኑሕ መርከብ ሠርተዋል፤ ዳውድ ብረት ለስልሶላቸው ጥሩር ሠርተዋል፤ ዘከሪያ አናጢ ነበሩ። የእኛም ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች። ልጆቻችን አባታቸው በእጁ አንድ ነገር ሲጠግን የሚያዩት መቼ ነው?

ለእናቶች ደግሞ ከረመዳን ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለን። ሩበዪዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) የዐሹራን ጾም ስታነሳ፣ ልጆቻቸውንም ያስጾሙ እንደነበርና ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው እንደነበር ነግራናለች። ልጁ ለምግብ ሲያለቅስ ያንን መጫወቻ ይሰጡታል፤ እስከ ማፍጠሪያ ይቆይበታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የመዲና እናቶች የልጅ ጾም የሚከብድበትን ሰዓት ያለፉት በሱፍ ነው። ጾም የሚለማመዱ ልጆች ያሏችሁ፣ ከዐስር በኋላ ያለችውን ያችን ረጅም ሰዓት በቴሌቪዥን ከመሙላት በፊት የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ክርና ካርቶን ሞክሩ። አጠገባቸውም ስንደዶና አክርማ ይዛችሁ ስፌታችሁን ብትሰፉ ይበልጥ ይሻላል። የሐረር ቤቶችን ግድግዳ የሞላው ስፌት ከእናት ወደ ልጅ የተሻገረው እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው።

ለተረት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችው ጊዜ ትመቻለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬን ይጠሉ ነበር፤ ዑለማዎች ከቤተሰብ ጋር መጫወትን ከዚህ ቢለዩም፣ ልጆች ለፈጅር እንዲነሱ ቢቀድም ይመረጣል።

ስለዚህ እህታችን፣ ሁለቱንም አይተዉ። ለልጁ አንድ ካርቶን ያስቀምጡለት፤ ሽቦው እዚያ ይግባ፣ ቤትም አይቆሽሽ። ሲሠራ «ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ቢመጣ እርስዎ ቀድመው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ይህን ጽሑፍ ለአባቱም ያንብቡላቸው። እኛም ከእሳቸው የተሻልን ሆነን አይደለም የምንናገረው።

ደብዳቤዎ በደረሰን ሳምንት ልጃችንን ጠርተን አሻንጉሊቷን ማቃጠላችን ስሕተት እንደነበር ነገርናት፤ አውፍ እንድትለንም ጠየቅናት። ዝም አለች። ካርቶን አመጣንላት፤ ለሳምንታት ባዶውን ተቀመጠ።

ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ስንመለስ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ አንድ ነገር በአራት እንጨት ቆሞ አየን።

«ይህች ምንድን ናት?»

«ግመል።»

«ሻኛዋስ የት አለ?»

«በረሃ ላይ ውሃ ጠማት፤ ከሻኛዋ ጠጣች ጠጣችና አለቀ።»

ግመል በሻኛዋ የምትይዘው ሞራ እንጂ ውሃ እንዳልሆነ ልንነግራት አፋችን ላይ ደርሶ ነበር። ተውነውና ወዴት እየሄደች እንደሆነ ጠየቅናት። ነገሩ ሰፊ ኖሯል፤ የዒሻ አዛን ሲያሰማ ግመሏ ገና መንገድ ላይ ነበረች።