ሽንብራና ሎሚ የሚያህል በረዶ

እሷ፦ ዋጃ ላይ በረዶ ሲወርድ «ሽንብራ ያክላል፣ ሎሚ ያክላል» ነው የምንባባለው።

እሱ፦ ልክ ነው። ሽንብራውን 1 ሳንቲ ሜትር፣ ሎሚውን 4 ሳንቲ ሜትር እንበለው።

እሷ፦ አራት እጥፍ ነዋ!

እሱ፦ ስፋቱ ብቻ። ክብደቱ 64 እጥፍ ነው። አንዱ ግማሽ ግራም፣ ሌላው ወደ 30 ግራም።

እሷ፦ ፍጥነቱም 64 እጥፍ እንዳትለኝ!

እሱ፦ የለም፣ እሱ ሁለት እጥፍ ነው። ክብደቱ ወደ ታች ሲስበው አየሩ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ፍጥነቱ ከዚያ አያልፍም። ድቡልቡልና ለስላሳ ነው ብለን ካሰላን ሎሚው በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ይወርዳል።

እሷ፦ በሰዓት?

እሱ፦ ወደ 100 ኪሎ ሜትር።

እሷ፦ የኮቦን አስፋልት እንደሚበር መኪና በለኛ! ግን እኮ በረዶ ለስላሳ አይደለም። ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፤ ላዩ ደግሞ ጎርባጣ።

እሱ፦ እውነትሽን ነው፣ ጎርባጣው ዘገም ይላል። ከስሌቱ ቀነስ አድርጊ። ጉልበቱ ግን ያስፈራል፤ ሎሚው የሚመታው በሽንብራው 256 እጥፍ ነው።

እሷ፦ ለካ ሽንብራው የማሽላውን ቅጠል ሲተለትል ሎሚው አገዳውን የሚሰብረው ለዚህ ነው!

እሱ፦ ቆላ ላይ ደግሞ ትንንሹ በሙቀቱ መንገድ ላይ ይቀልጣል፤ ትልቁ ይደርሳል። ባንግላዴሽ፣ ጎፓልጋንጅ፣ በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1.02 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወርዷል።

እሷ፦ የፈጣሪ ያለህ! ታዲያ የእኛን እንዴት እንለካው?

እሱ፦ ሲያባራ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጎ፣ ሳይቀልጥ በስልክ ፎቶ ማንሳት።

እሷ፦ ሲያባራ ነው እንግዲህ! እናቶች፣ እየወረደ ልጆች ለለቀማ እንዳይወጡ።