«ጎበዝ!» ከማለታችሁ በፊት



የዚህ የሰፈራችን የሥዕል ስቱዲዮ ምረቃ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ «ንግግርዎ አጭርና አስተማሪ ይሁንልን» ብለውኝ ነበር። ለማሳጠር እሞክራለሁ። አስተማሪ ስለመሆኑ ግን ቃል አልገባም፤ ምክንያቱም እናንተ ተመራቂዎች እነዚህን ወራት የሰለጠናችሁት በአብዛኛው ላለማስተማር ነው። ሥዕል የሚያስተምር ሰው በዚህ ከተማ አይጠፋም። የጠፋው ሌላው ሲጫወት አጠገቡ ቆሞ ቀለም የሚያቀርብ፣ ውሃ የሚቀይር፣ ከዚያ ዝም የሚል ሰው ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሥዕል በማስተማር ስለሆነ፣ ይህን ስል የራሴን እንጀራ እየነካሁ መሆኔን አውቃለሁ።

ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ስቱዲዮው መጥቼ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ትልቅ ነጭ ወረቀት ፊት ቆማለች። መጀመሪያ ዳር እስከ ዳር ቢጫ ቀባችው። እሱ እስኪደርቅ ሌላ ነገር ስትነካካ ቆይታ ተመለሰች፤ ሰማያዊ ደረበችበት፣ እዚህም እዚያም ደስ የሚል አረንጓዴ ወጣ። «በቃ፣ እዚህ ላይ ቢቆም» አልኩ በሆዴ። አላቆመችም። ቀይ አመጣች፣ ሐምራዊ አመጣች፣ ጥቁሩንም አልማረችውም። ብዙም ሳይቆይ ወረቀቱ በሙሉ ጭቃማ ቡናማ ሆነ። ከእናንተ አንዷ ከጎኗ ቆማ ነበር፤ ማንነቷን ራሷ ታውቃለች። እጇ ወደ ልጅቷ ብሩሽ ሲዘረጋ አየሁ። መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ገባ። ልጅቷ ብሩሹን ገልብጣ በእንጨቱ ጫፍ ቡናማውን ትፍቀው ጀመር። ደርቆ የቆየው ቢጫ ከሥር በመስመር በመስመር ብቅ አለ። እሷ ወደ ማንም አልዞረችም፤ መፋቋን ቀጠለች።

ለእኔ ምረቃው ያኔ ነው የተካሄደው፤ ያ እጅ ኪስ የገባ ጊዜ። ያቺን አረንጓዴ ለማትረፍ ተብሎ ብሩሹ ተይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ቢጫው ከሥር መኖሩን ልጅቷ የምታገኝበት መንገድ አልነበረም።

አዋቂ ሰው ሕፃን ሲሥል ካየ አፉ ላይ የሚመጡለት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው «ጎበዝ!» ነው። ሁለቱም ከፍቅር እንደሚመጡ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ስም ያልነበረውን ነገር ስም ያስወጣዋል። ልጁ ጨንቆት «ቤት ነው» ይላል፣ ቤት የሚል መልስ አዋቂዎችን እንደሚያስደስት ያውቃላ! በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሲጀምር ከቤት ይጀምራል፤ አራት ማዕዘን፣ ሹል ጣሪያ፣ ጥግ ላይ ፀሐይ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ጢስ የሚትጎለጎልበት ማውጫ። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ የጢስ ማውጫ ያለው ቤት የማን ነው? ልጆቻችን አይተውት የማያውቁትን ቤት እየሣሉ ያድጋሉ፤ እኛም ቤት መሆኑ ስለገባን ደስ ይለናል።

«ጎበዝ» ደግሞ የባሰ ረቂቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት የሠሩትን አንድ ጥናት አሳተሙ። በማርከር መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መርጠው በሦስት ከፈሏቸው። ለመጀመሪያዎቹ «ከሣላችሁ የጎበዝ ተጫዋች ምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ፤ ኮከብና ሪባን ያለበት ያማረ ወረቀት ነው። ሁለተኛዎቹ ምንም ሳይነገራቸው ሥለው ሲጨርሱ ያንኑ ወረቀት አገኙ። ሦስተኛዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩ ክፍል ውስጥ ለፈለገ ሁሉ ተቀመጠና ማን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያሳልፍበት ታየ። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች የሣሉበት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ በሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት ተደርድሮ እያየሁ ይህን መናገሬ ድፍረት ነው። የስቱዲዮው ኮሚቴ ቅር እንዳይለው ላብራራ። ይህ ምስክር ወረቀት ስለተጫወታችሁ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ ሰፈሩ ልጆቹን አምኖ ሊሰጣችሁ እንደሚችል የሚናገር ነው። ደግሞ ጥናቱ የፈተነው ቃል የተገባ ሽልማትን እንጂ «ጎበዝ» የሚለውን ምስጋና አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አላደርጋቸውም። ብቻ እናንተው ልብ በሉ። «ጎበዝ» የተባለ ልጅ ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ ወደ እናንተ ያዞራል። ከዚያ በኋላ የሚሥለው ለዚያ ፊት ነው።

የእናንተን ሥራ ከማንም በተሻለ ሲሠራው የኖረ ሰው ነበር፤ አርኖ ስተርን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1924 ጀርመን ውስጥ ካስል በምትባል ከተማ ተወለደ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ቤተሰቡ ይዞት ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ እያለ ፓሪስ አጠገብ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ተቀጠረ። ሥራው ልጆቹን ማዋል ነበር፤ ሌላ ምንም አልተባለም። ቀለም አቀረበላቸው። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ ልጆቹ ሲበዙ መስኮቶቹም ተሸፍነው የወረቀት ቦታ ሆኑ። በኋላ ፓሪስ ውስጥ የራሱን ክፍል ከፈተ። መሐል ላይ አሥራ ስምንት ቀለም የተደረደረበት ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ዙሪያውን ወረቀት ነው። እሱ ወረቀቱ የተያዘባትን ትንሽ ሚስማር ይነቅላል፣ ይተክላል፤ የወረደ ጠብታ ይጠርጋል፤ ላልደረሰ ልጅ መቆሚያ ያመጣል። ስለ ሥዕሉ አንድም ቃል አይናገርም። ያንን ሥራ የሥዕል ጨዋታ፣ ራሱንም የጨዋታው አገልጋይ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በመቶ ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ሐሳቡን አልቀየረም።

ይህ ሰው ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተጉዞ፣ ትምህርት ቤት ያልደረሰባቸውን ሰዎች ወረቀትና ቀለም እየሰጠ አሥሏል። የሰው ልጅ ሁሉ በነፃነት ሲሥል ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ተመሳሳይ ቅርጾችን ያወጣል ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ እኔ አብሬው አልሄድም፤ ከጭቃ በሬ ሲጠፈጥፍ ያደገ እጅና ኮንክሪት ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሲያሰምር ያደገ እጅ አንድ ዓይነት መስመር ያወጣሉ ብዬ ለማመን ይከብደኛል። በሌላም ነገር እለየዋለሁ። ስተርን ሥዕሎቹ ከክፍሉ እንዲወጡ አይፈቅድም ነበር፤ ኤግዚቢሽን የለም፣ ቤት ወስዶ ማሳየት የለም፣ ሁሉም እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። እናንተ ግን ዛሬ ይህን አዳራሽ ዙሪያውን በሥዕል ሞልታችሁታል። እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ።

ምክንያቴ እንቁጣጣሽ ነው። እንደ እኔ ሸምገል ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጳጉሜን ሲገባ ወንዶች ልጆች ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ከለሩን አሟጠው፣ አደይ አበባና ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ሲሥሉ ይሰነብቱ ነበር። መስከረም አንድ ቀን ጠዋት የተሣለው ሁሉ ቤት ለቤት ይታደላል። አንዳንዱ መልአክ አንድ ክንፉ ከሌላው ይበልጣል፣ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ጽሑፍ ቦታ አልቆበት ወደ ታች ይታጠፋል። የቤቱ እመቤት ሥዕሉን ተቀብለው፣ ዳቦውንም ሳንቲሙንም ሰጥተው «እደግ፣ ተመንደግ» ይላሉ። ሥዕሉን ቡፌው መስታወት ላይ ሰክተውት ዓመት ይከርማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እዩልኝ፤ የሚመረቀው ልጁ ነው፣ ሥዕሉ አይደለም። ክንፉ ተንጋደደ ተብሎ ምርቃቱ አይቀነስም፤ አማረ ተብሎም አይጨመርም። ስለዚህ ስተርን ከበር እንዳይወጣ የሠጋለት ጨዋታ በእኛ ሰፈር በር ለበር ሲዞር ኖሮ አልተበላሸም። ዛሬ ዛሬ ልጆቹ ከሱቅ የታተመውን ገዝተው ያድላሉ። የታተመው መልአክ ሁለት ክንፉም እኩል ነው። እናንተ በመጪው ጳጉሜን ይህን ስቱዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ብታደርጉት ደስ ይለኛል፤ የኔ የልጅ ልጆች ይመጣሉ።

ስለ ዕቃ ላንሣ። ቀለም ተወዷል፣ ጥሩ ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም፤ የኮሚቴው እሮሮ እውነት ነው። ግን ኤልያስ ስሜን አስቡ። አለ ፈለገሰላም ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ቁልፍና ክር፣ በኋላም ከተበተኑ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የወጡ ሽቦዎችና ሰሌዳዎችን ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ እየሰበሰበ፣ ዛሬ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች የተሰቀለውን ሥራ ሠራ። ሽቦውን በእጁ እየጎነጎነ፣ እየደረደረ የሚውለውን ውሎ ሳስብ፣ ያ ሰው ለእኔ ጨዋታውን ሳያቋርጥ ያደገ ልጅ ነው። ከጭቃ በሬ እስከ ቆርኪ ጎማ የሽቦ መኪና ድረስ፣ በእኛ አገር ዕቃ ተገዝቶ የተጀመረ ጨዋታ ጥቂት ነው። ጣሊያን ውስጥ ሬጆ ኤሚሊያ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሬሚዳ የሚባል ማዕከል አለ፤ ፋብሪካዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ካርቶን ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች ያድላል። እኛ ማዕከል አያስፈልገንም። ከዚህ በር ወጥታችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ ልብስ ሰፊዎቹ አሉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ እንጨት ቤቱ። ጆንያ ይዛችሁ አርብ ከሰዓት ብቅ በሉ።

ወላጆች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ከመካከላችሁ «ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አለ፤ ሻይ ሲጠጣ ሰምቼዋለሁ። ለሒሳብ ይረዳዋል፣ ውጤቱን ያሻሽላል ብዬ ላባብላችሁ እችል ነበር። አልልም። በትምህርት ቤት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፣ ማርክ አለው፣ ይበቃዋል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ አስቀምጦታል፤ ለመጫወት የጥቅም ማስረጃ አምጣ አይልም። እኔም አልጠይቅም።

ደግሞስ ጨዋታው የልጅ ብቻ መቼ ሆነ? ረቡዕ ከሰዓት የእናቶች ሰዓት ላይ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ሸክላ ጭቃ ቀረበላቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለልጆቹ ተዉላቸው» እያሉ እጃቸው ግን ጭቃውን ማሸት ጀምሮ ነበር። ጀበና ሊሠሩ ተነሡ። ሆዱ ሰመረ፣ አንገቱ ግን ጭቃው ውሃ በዝቶበት ቀስ እያለ ጎበጠ። ሁላችንም ተሳቀቅን። እሳቸው ትንሽ አዩትና «ይሄማ ሙሽራ ነው፤ አንገቱን ደፍቷል» አሉ። ከዚያ ማን ያስቁማቸው! ሙሽራ ያለ ሚዜ አይሆንም ብለው ሌላ ጎባጣ ጀበና ሠሩ፣ ሙሽራዋን ከነቬሎዋ ጨመሩለት፣ አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች አማት ጨመሩ፣ አንዷ ደግሞ ሰርጉ ላይ ሳይጠሩት የመጣ ዘመድ ሠራች፤ እሱ ከሁሉም ወፍራም ነው። ማንም ቡና የሚፈላበት ጀበና አልሠራም። ቡናው የተፈላው በስቱዲዮው አሮጌ ጀበና ነበር፤ ሠርገኞቹ ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈው፣ ሴቶቹ ስለ አማትየዋ እያሙ።

በዚያን ሰዓት ከእናንተ ሁለቱ እዚያው ነበሩ። የሠሩት ነገር ቢኖር ጭቃው እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ ማልበስና ተጨማሪ ጭቃ ማምጣት ብቻ ነው። «ጀበናውን ላቃናልዎ?» ያለ አልነበረም።

ከመጨረሴ በፊት ሁለት ጥቃቅን ነገሮች። ብሩሽ ውሃ ውስጥ ቆሞ አይደር፤ ጠጉሩ ይታጠፋል፣ ከዚያ አይመለስም። አጥባችሁ አጋድሙት። ወላጆች ደግሞ ልጆቹን ያረጀ ልብስ አልብሳችሁ ላኩ፤ ልትወስዷቸው ስትመጡም ልጁን በር ላይ «ምን ሠራህ?» ብላችሁ አትያዙት። የሠራውን ራሱ ሲፈልግ ያሳያችኋል፤ ካላሳየም ወደ ቤት ይሂድ።

ቅዳሜ በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የስም ዝርዝሩ ጸሐፊው ጋ ስላለ፣ አሁን ምስክር ወረቀቱን መስጠት እንችላለን።