ለሚሮጥ ልጅ ምግብና ዕረፍት
(በይርጋጨፌ ለአሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች የቀረበ ንግግር)





ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ላይ የወጣ ሰው በጭጋጉ ውስጥ የሚሮጡ ልጆችን ያያል። ከእነርሱም መካከል በአደራ የያዝናቸው የቲሞች ይገኛሉ። በቡና ለቀማ ወቅት አንደኛው በተደጋጋሚ ታመመ። አንዱ ጉንፋን ሳይለቀው ሌላው ይተካ ነበር። አያቱ፣ «ላቡን ብርድ መታው፤ ሩጫው ይቅርበት» አሉ። እኛ ደግሞ ጫማ ገዝተንለት ስለነበር፣ «በርታ» እንለው ነበር። ሁለታችንም ዋናውን ነገር ስተን ነበርና፣ ዛሬ ስለዚሁ ልንነጋገር ወደድን።

ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሰውነታችን የሚከላከለው በነጭ የደም ሕዋሳት አማካይነት ነው። መጠነኛ ሩጫ ይህን መከላከያ ያነቃቃዋል እንጂ አይጎዳውም። ጥያቄው የሚነሳው ረጅምና አድካሚ በሆነው ሩጫ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በተካሄደው የሎስ አንጀለስ ማራቶን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከሮጡት መካከል 12.9 በመቶ የሚሆኑት በተከታዩ ሳምንት መታመማቸውን ተናግረዋል። ልምምድ ሠርተው ካልተወዳደሩት መካከል ግን የታመሙት 2.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከከባድ ሩጫ በኋላ አንዳንድ ነጭ ሕዋሳት በደም ውስጥ ለሰዓታት ስለሚቀንሱ፣ ሊቃውንቱ መከላከያው ለጊዜው በሩን ይከፍታል ብለው ነበር።

ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ይህን አመለካከት ሞግተዋል። እነርሱ እንደሚሉት ሕዋሳቱ አይጠፉም፤ ከደም ወጥተው እንደ ሳንባና አንጀት ወዳሉ ክፍሎች ለጥበቃ ይሰማራሉ። የሎስ አንጀለሶቹም ሕመማቸውን ራሳቸው ተናገሩ እንጂ በላቦራቶሪ አልተመረመሩም። ሯጩን ለበሽታ የሚያጋልጡት በብዛት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የእንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ እጥረት፣ ጭንቀት፣ የመኪና ጉዞና የሕዝብ መጨናነቅ። ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ እንደሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ያለ ውድድር ብዙ ሺህ ሰው የሚሰበሰብበት መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ጠጋ ብለን ስንጠይቀው፣ ሌሊት ተነስቶ ባዶ ሆዱን ይሮጣል፤ ከትምህርት በኋላ ቡና ይለቅማል፤ ማታ አምሽቶ ያጠናል። ትኩሳት ሲሰማውም ከጓደኞቹ እንዳይቀር ብሎ ይሮጥ ነበር። ብርዱ አልነበረም የጎዳው፤ ሩጫውም ብቻውን አልነበረም።

ስለዚህ አሳዳጊዎችን የምንማጸነው ይህን ነው። ልጁ ከመሮጡ በፊት ጥቂት ነገር ይቅመስ፤ ሲመለስም ሳይዘገይ ይብላ። ቆጯችን ጉልበት ይሰጣል፤ የገንቢ ንጥረ ነገሩ ግን አነስተኛ ስለሆነ ቦሎቄ፣ ወተት ወይም እንቁላል ይታከልበት። እንቅልፉን ይጥገብ። ቡና በሚለቅምበት ሰሞን ሩጫውን ይቀንስ። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ያድርገው። ቀላል የአፍንጫ ፈሳሽ ብቻ ከሆነ በዝግታ ቢንቀሳቀስ አይከፋም። ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማት ወይም የደረት ሕመም ካለው ግን ፈጽሞ አይሩጥ፤ በቫይረስ ታሞ መሮጥ የልብን ጡንቻ ሊያስቆጣ ይችላልና። ትኩሳት ያለበት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ለጋሾችም ሆይ፣ ጫማ መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን ባዶ ሆዱን ለሚሮጥ ልጅ ጫማ ብቻውን አደራን አያደርስም። ጫማ የገዛ እጅ ለቁርሱም ይዘርጋ። ያ ልጅ ዛሬም ይሮጣል፤ አያቱም ቁርሱን ሳይበላ አይለቁትም።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።